ድንበር ሲዘጋ ገበሬው ለከርሞ ምን ይዘራል?

በኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሁለት ጎረቤት አገሮች በንግድ ሲጣሉ ጉዳቱ ዞሮ ዞሮ እህል አምራቹ ላይ ያርፋል፣ ያውም በሁለቱም ወገን ባለው አምራች ላይ ብዬ ጻፍኩ። አይደለም የሚል ካለ እንዲያስረዳኝ ጠየቅኩ።

ነገሩ ለምን እንደሚያንገበግበኝም አልደበቅኩም። ድሮ እህል ጭነት ላይ እሠራ ነበር። አንድ ጊዜ በቆሎ ጭነን ኬላ ደረስን። ወረቀታችን የተሟላ ነው። ግን በማዶ በኩል አዲስ ትእዛዝ ወጥቷል ተባለና ቆምን። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አራት ቀን። ማታ ማታ ይዘንባል፤ ሸራውን ማንሣት አይቻልም። ቀን ደግሞ ፀሐዩ ሸራውን ያግለዋል። በአምስተኛው ቀን አንዱን ጆንያ ፈትቼ እጄን እስከ ክርኔ ብከትተው መሃሉ ትኩስ ነው። ሽታው ተቀይሯል። እፍኝ ሙሉ ሳወጣ ፍሬው እርስ በርሱ ተጣብቋል። ባለ ጭነቱ ነጋዴ ከስሮ ተመለሰ። በሚቀጥለው ሳምንት ከገበሬዎች ሲገዛ ግን ኪሳራውን ከዋጋው ላይ ቀነሰ። ገበሬዎቹ ኬላው መዘጋቱን እንኳ አልሰሙም ነበር። ዋጋው ለምን እንደወረደ የነገራቸው ሰው የለም።

የመጀመሪያው መላሽ በጣም ጨዋ ሰው ነው። ሐሳቤን እንደሚጋራ ገልጾ የኬንያን ጉዳይ አነሣ። በፈረንጆች (ከዚህ በኋላ ያሉት ወራትና ዓመታትም በፈረንጆች ናቸው) መጋቢት 5 ቀን 2021 ኬንያ ከታንዛኒያና ከኡጋንዳ በቆሎ እንዳይገባ ከለከለች። ምክንያቱ አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ከሚፈቀደው በላይ ተገኝቷል የሚል ነበር። መኪኖች በኬንያና በታንዛኒያ ድንበር ላይ እንዳለው ናማንጋ ባሉ ኬላዎች ተሰልፈው ቀሩ። ክልከላው የቆየው አምስት ቀን ብቻ ነው፤ መጋቢት 10 ላይ በቅድመ ሁኔታ ተነሣ። አስመጪዎች እንዲመዘገቡ፣ ጭነቱ የጥራትና የትውልድ አገር ማስረጃ እንዲይዝ ተደረገ። የመላሹ ነጥብ ቀላል ነው። አምስት ቀን ለመንግሥት ምንም አይደለም። ለዚያ ሳምንት ብድር ሊከፍል ቀን ለቆረጠ ገበሬ ግን ዓመት ነው።

2ኛው መላሽ እዚህ ላይ አረመን፣ እርማቱም የሚገባ ነበር። አፍላቶክሲን የፖለቲካ ሰበብ ብቻ እንዳልሆነ አስታወሰን። በ2004 በዚያው በኬንያ በተበከለ በቆሎ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ መሞታቸው ተመዝግቧል። ይህን ያየ አገር ቢፈራ አይፈረድበትም የሚል አቋም አለው። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ መስፈርትም በአንድ ኪሎ በቆሎ ውስጥ ከ10 ማይክሮግራም በላይ አፍላቶክሲን እንዳይኖር ይላል። ስለዚህ ገበሬውን አዛኝ መስለን በላተኛውን እንዳንረሳ አሳሰበን። እውነቱን ለመናገር ጥያቄዬን ስጽፍ ይህን ጎን አላሰብኩበትም ነበር። አመሰገንኩት።

3ኛው አዎንታውን ብቻ ገልጾ ሄደ። 4ኛዋ ግን የ2ኛውን ነገር ተቀብላ አንድ እርምጃ ወደፊት ወሰደችው። መርዙ እውነት ከሆነ መመርመር ያለበት እያንዳንዱ ጭነት እንጂ አገሩ በሙሉ አይደለም። ንጹሕ እህል ያመጣው ገበሬና ያልደረቀ በቆሎ ያመጣው ገበሬ እኩል ከተቀጡ፣ እህሉን በደንብ ለማድረቅ የሚደክመው ሰው ለምን ይደክማል? ይህ መልስ ልቤን ነካው። እሷ ራሷ እህል ስትረከብ እንደኖረች ከአጻጻፏ ያስታውቃል። የበቆሎ እርጥበት ከ13 ነጥብ 5 በመቶ በላይ ከሆነ ሻጋታ እንደሚጋበዝ፣ መለኪያው በሌለበት ደግሞ ፍሬውን በጥርስ ሰብሮ ድምፁን መስማት የቆየ ዘዴ እንደሆነ ጻፈች። ደረቅ ፍሬ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ እርጥቡ ይጨፈለቃል። በመጨረሻ እኔ ወዳየሁት ነገር መለሰችን። ያልተመረመረ መኪና በሸራ ታፍኖ ኬላ ላይ ሲቆም፣ ንጹሕ የነበረውም እህል በሙቀቱና በእርጥበቱ ሊበከል ይችላል። ጤና ይጠብቃል የተባለው እግድ ራሱ ሻጋታ ያፈላል ማለት ነው።

5ኛው መላሽ ራሱ ገበሬ ነው። አገሩን አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም። ጽሑፉ ረጅምና ነጥብ የሌለው ነበር፣ በአንድ ትንፋሽ የተጻፈ። እኔ እንዲህ ተረድቼዋለሁ። ያን ዓመት ዝናቡ ሰጥቶታል። 40 ኩንታል በቆሎ አግኝቶ ለቤት የሚሆነውን አስቀርቶ ሌላውን ለመሸጥ አዘጋጀ። ከማዶ የሚመጡት ገዢዎች በየዓመቱ ከአገር ውስጡ ሰብሳቢ የተሻለ ይከፍላሉ። ጆንያዎቹ ተሰፍተው በር ላይ ተደርድረው ሳለ ድንበሩ ተዘጋ። ልጁ ትምህርት ቤት ክፍያ አለበት፤ የማዳበሪያው ዕዳም ቀን ተቆርጦለታል። ሰብሳቢው መጣ፣ ጆንያዎቹን ዞር ዞር ብሎ አየ፣ ዋጋ ጠራ። ዋጋው ካሰበው ግማሽ አይሞላም። ሸጠ። በስምንተኛው ቀን ድንበሩ ተከፈተ። ያው ሰብሳቢ ያንኑ በቆሎ ጭኖ ተሻገረ። ገበሬው በቁጭት እንጂ በስድብ አልጻፈም፤ ሰብሳቢውን እንኳ አልወቀሰም። እኔ ግን ሳነበው ልቤ ደማ።

ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ አውሮፓ ዞረ፣ ድምፁም መክረር ጀመረ።

6ኛው መላሽ የእኔን ጥያቄ የተሳሳተ አድርጎ አየው። ድንበር ይዘጋልን ብለው የሚጮኹት ብዙ ጊዜ ገበሬዎቹ ራሳቸው መሆናቸውን በማስረጃ አቀረበ። ጥቁር ባሕር በሩሲያና በዩክሬን ጦርነት ሲዘጋ የአውሮፓ ኅብረት በግንቦት 2022 የዩክሬን እህል በየብስ የሚወጣበትን መንገድ ከፈተ፤ በሰኔ ደግሞ ቀረጡን አነሣ። እህሉ አልፎ ወደ ሩቅ አገር መሄድ ነበረበት። ብዙው ግን ፖላንድና ሌሎቹ ጎረቤቶች ገበያ ውስጥ ቀረ። በዚያው ዓመት በጋ፣ እህላችሁን ለመሸጥ አትቸኩሉ ብለው ገበሬውን የመከሩት የፖላንድ የግብርና ሚኒስትር ሄንሪክ ኮቫልቺክ፣ ዋጋው ከወረደ በኋላ በሚያዝያ 2023 ሥልጣን ለቀቁ። በአሥር ቀን ውስጥ ፖላንድና ሃንጋሪ የዩክሬንን እህል ከለከሉ፤ ስሎቫኪያም ተከተለች። ታዲያ ይሄን ያስመጣው የገበሬው ጩኸት አይደለም ወይ የሚል ነው ሙግቱ።

7ኛው በዚህ ተናደደ። የፖላንዱን ገበሬ ስናዝንለት የዩክሬኑን እንዴት እንረሳዋለን የሚል ሰው ነው። የዩክሬን ገበሬ ፈንጂ በተቀበረበት ማሳ አጠገብ እያረሰ፣ እህሉ ድንበር እስኪደርስ ትራንስፖርቱ ዋጋውን እየበላበት፣ እጁ ላይ የሚቀረው ከወጪው በታች እንደነበር ጻፈ። የካቲት 2024 ላይ የፖላንድ ተቃዋሚዎች የባቡር ፉርጎ ከፍተው እህል ሐዲድ ላይ ማፍሰሳቸውንም አነሣ። በኮቶሚዬሽ ጣቢያ የፈሰሰው 160 ቶን ያህል እህል ጭራሽ ፖላንድ ውስጥ የሚሸጥ አልነበረም። በግዳንስክ ወደብ በኩል ወደ ሌላ አገር የሚያልፍ ጭነት ነበር። ሰው የራሱ የሆነ እህል ጎተራ ውስጥ እየበሰበሰበት የሌላ ገበሬ እህል መሬት ላይ ሲያፈስ ማየት፣ እኔ በበኩሌ ከዚህ የከፋ አላውቅም። ሁለቱም ያረሱ ናቸው።

8ኛው መላሽ ከርዕሱ ወጣ፣ ግን የወጣበት መንገድ ጥሩ ነበር። ስለ ባቡር ሐዲድ ጻፈ። የዩክሬን ሐዲድ ስፋቱ 1520 ሚሊሜትር ነው፣ የፖላንዱ 1435። ልዩነቱ አንድ መዳፍ አይሞላም። በዚያ ልዩነት ምክንያት ግን እህል የጫነ ባቡር ድንበር ላይ ይቆማል። ወይ ፉርጎው በክሬን ተነሥቶ መንኮራኩሩ ይቀየራል፣ ወይ እህሉ ወደ ሌላ ፉርጎ ይገለበጣል። ይህ ጊዜ ነው፤ ጊዜው ገንዘብ ነው፤ ገንዘቡ የሚቀነሰው ገበሬው ከሚያገኘው ላይ ነው። ፖለቲከኛ ሳይጣላ እንኳ ድንበር እህልን እንደሚያስከፍል በዚህ አሳየን። 9ኛው በሐዲዱ ወሬ ተማርኮ ስለ ባቡር ታሪክ አራት አንቀጽ ጻፈ። ወደ እህሉ እንመለስ ብዬ በትሕትና ጠየቅኩት፤ ይቅርታ ጠይቆ ቆመ።

10ኛው ግን ትሕትና አያውቅም። 6ኛውን የመንግሥት አፍ፣ 7ኛውን ደግሞ ገበያ ያልረገጠ ሰው አደረጋቸው። እኔንም አልማረኝም፤ አንድ መኪና በቆሎ ስለተበላሸ የዓለምን ንግድ የምፈርድ ሰው ነኝ። ከስድቡ ውስጥ የሚያዝ ነገር ግን ነበረው። እኔ ገበሬ እያልኩ የምጠራው አንድ ሰው እንዳልሆነ ተናገረ። ሺህ ሄክታር የሚያርስ ሲሎ (ትልቅ የእህል ማከማቻ) አለው፣ ባንክ አለው፣ ጠበቃ አለው፤ ድንበር ቢዘጋ ዋጋ እስኪመለስ ይጠብቃል። ሁለት ሄክታር ያለው ግን የሰበሰበውን በወሩ መሸጥ አለበት። ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራት ውሸት ነው አለን። ስድቡን ትቼ ነጥቡን ወሰድኩ።

7ኛው ዝም ማለት አልቻለም። በ11ኛው መልስ ተመልሶ መጣና 10ኛውን ልክ ልኩን ነገረው። ስድብ በስድብ። 12ኛዋ፣ በዕድሜ ትልቅ ሴት ይመስሉኛል፣ ልጆቼ በሚል ቃል ጀምረው ሁለቱንም ገሠጹ። ከዚያ በጣም ከባድ ጥያቄ አነሡ። በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ካሉት አነስተኛ ገበሬዎች ብዙዎቹ ከሚሸጡት በቆሎ የሚገዙት ይበልጣል። በመከር ትንሽ ይሸጣሉ፣ ከወራት በኋላ ጎተራው ሲያልቅ በውድ ይገዛሉ። እንግዲህ አንድ አገር እህል ወደ ጎረቤት እንዳይወጣ ሲከለክልና ዋጋ ሲወርድ፣ እነዚህ ሰዎች ገበሬም ገዢም ናቸውና ተጎዱ ነው የምንለው ወይስ ተጠቀሙ? ለዚህ ማንም ወዲያው መልስ አልነበረውም። ክሩ ለአንድ ቀን ያህል ጸጥ አለ።

መልሱን ያመጣው 13ኛው ነው፣ ያውም ከሩቅ፣ ከአርጀንቲና። እኔ ከሁሉም የተማርኩት ከዚህ መልስ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እነግራችኋለሁ። አርጀንቲና የአገር ውስጥ ዋጋ እንዳይወደድ ብላ ስንዴ ላይ የ23 በመቶ የወጪ ንግድ ቀረጥ ጣለች። ከ2006 ጀምሮ ደግሞ ወደ ውጭ የሚላከውን በፈቃድ ገደበች። በመጀመሪያው ዓመት ነገሩ የሠራ ይመስላል። ስንዴው ተዘርቷል፣ ታጭዷል፣ መሄጃ የለውም፤ ዋጋው ይወርዳል፣ ገዢው ደስ ይለዋል። ገበሬው ግን ቆጠረ። በሚቀጥለው ዓመት ስንዴውን ቀንሶ ገብስና አኩሪ አተር ዘራ። ከዓመት ዓመት የስንዴው ማሳ ጠበበ። በ2012 የተዘራው ስንዴ ከመቶ ዓመት በላይ ባልታየ መጠን አነሰ። ትልቋ የስንዴ ደንበኛዋ ጎረቤቷ ብራዚል ናት፤ የጋራ ገበያ አላቸው። ስንዴው ሲቸግራት ብራዚል በ2013 ከገበያው ውጪ ካሉ አገሮች በሚመጣ ስንዴ ላይ ያለውን የ10 በመቶ ቀረጥ ለጊዜው አንሥታ ከአሜሪካ ገዛች። በታህሣሥ 2015 አዲሱ መንግሥት ቀረጡንና ፈቃዱን ሲያነሣ የስንዴው ማሳ በሚቀጥለው ዘር ወዲያው ሰፋ።

13ኛው ይህን ለ12ኛዋ እናት መልስ አድርጎ አቀረበው። ዋጋው በወረደበት ዓመት ገዢው ይጠቀማል፣ እርግጥ ነው። ከርሞ ግን የሚዘራው ያንሳል፤ ያን ጊዜ በውድ የሚገዙት እነዚያው ገበሬም ገዢም የሆኑት ሰዎች ናቸው። ጥያቄዬ የት ላይ እንደተሳሳተ የገባኝ ይህን ሳነብ ነው። እኔ ጉዳቱን ኬላ ላይ እፈልግ ነበር፣ በቆመው መኪና፣ በሞቀው ጆንያ። ጉዳቱ ኬላ ላይ ይጀምር እንጂ የሚያድገው በሚቀጥለው ዓመት ማሳው ላይ ነው። ገበሬው ዘር ይዞ ሲቆም አምና የተዘጋውን ድንበር ያስታውሳል።

14ኛው የጠየቀው ስለ ጆንያ ነበር። አየር የማያስገባ ከረጢት እውነት ነቀዝ ይገድላል ወይ ብሎ ነው። 4ኛዋ መለሰችለት። እህሉና ነፍሳቱ ሲተነፍሱ ከረጢቱ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ስለሚያልቅ ነቀዙ ይሞታል። ግን እህሉ ሳይደርቅ ከታሸገ ሻጋታው ውስጡ ይሠራልና መጀመሪያ በደንብ ይድረቅ። ከርዕሱ የወጣ ቢመስልም አልወጣም። ወር ሁለት ወር እህሉን ሳይበላሽ ማቆየት የሚችል ገበሬ ለስምንት ቀን እግድ በግማሽ ዋጋ አይሸጥም።

15ኛው የካዛክስታንንና የሩሲያን ነገር አመጣ። ካዛክስታን የሩሲያ ርካሽ ስንዴ ገበያዬን አጥለቀለቀው ብላ በሚያዝያ 2023 በመኪና እንዳይገባ ከለከለች፤ በነሐሴ 2024 ክልከላውን በማንኛውም መጓጓዣ ላይ አደረገችው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ሩሲያ በተራዋ የካዛክስታንን ስንዴና ሌሎች ምርቶች ከለከለች፣ በዕፅዋት ጤና ስም። ካዛክስታን የባሕር በር የላትም። እንዲህ ያለ አገር ገበሬ ጎረቤት ከተጣላበት መውጫው ጠባብ ነው። 16ኛው ደግሞ በዚሁ ላይ ማላዊን ጨመረ። በመጋቢት 2025 ማላዊ ሩዝንና የበቆሎ ዱቄትን ጨምሮ አንዳንድ ምርቶች ከውጭ እንዳይገቡ አገደች፤ በሚያዝያ ታንዛኒያ የማላዊን የግብርና ምርት በሙሉ አገደች። ጭነቷ በዳሬሰላም ወደብ የሚያልፍ አገር እንዲህ ያለ ጠብ ብዙ ቀን አትችልም። እገዳው በቀናት ውስጥ ተነሥቶ ወደ ንግግር ተገባ።

17ኛው ሕግ የሚያውቅ ሰው ነው። የዓለም ንግድ ድርጅት ደንብ ምን እንደሚል በቀላሉ አስረዳን። አገር ወደ ውጭ የሚላክ እህልን ማገድ አይፈቀድለትም፤ ከባድ የምግብ እጥረት ሲያሰጋ ግን ለጊዜው ይችላል። የሚያግደው አገር የገዢዎቹን ችግር ማገናዘብና አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። የጤና ክልከላም በሳይንስ ላይ መመሥረት አለበት። ዩክሬንም በመስከረም 2023 ፖላንድን፣ ሃንጋሪንና ስሎቫኪያን በዚሁ ድርጅት ከስሳለች።

10ኛው በ18ኛው መልስ ተመለሰ፣ አሁንም ቁጡ ነው። ክስ ዓመታት እንደሚፈጅ፣ በቆሎ ግን ዓመታት እንደማይጠብቅ አስታወሰ። ፍርዱ ሲመጣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል የሚለው ነገሩ ላይ ልከራከረው አልቻልኩም። እሱ ራሱ ግን አንድ የሚሆን ሐሳብ ጣለ። መንግሥታት መከልከላቸው ካልቀረ ቢያንስ ከዘር በፊት ይንገሩ። ዘንድሮ ድንበሩ ይዘጋል የተባለ ገበሬ ሌላ ነገር ይዘራል። አጨዳ ላይ መንገር ግን ሰውየው እጁ ላይ ያለውን ሁሉ አውጥቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። 4ኛዋ ተስማማች። 7ኛውም ተስማማ። ያን ያህል ሲሰዳደቡ የነበሩት ሰዎች አንድ ነገር ላይ ሲቆሙ ደስ አለኝ፣ ይህንኑ ጻፍኩላቸው።

19ኛው መላሽ አዲስ ገቢ ነው፣ ሁሉንም አንብቦ የመጣ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው፣ ለ5ኛው፣ ለገበሬው። ከዚያ ሽያጭ በኋላ ምን ዘራህ ብሎ ጠየቀው።

ሁለት ቀን ጠበቅን። ገበሬው በ20ኛው መልስ መጣ። ከሽያጩ በኋላ ባለው ዓመት በቆሎውን ለቤት በሚበቃው ልክ ብቻ እንደዘራ ጻፈ። የቀረውን ማሳ ግማሹን ሱፍ፣ ግማሹን ባቄላ አደረገው። ማዳበሪያ አልገዛም፤ ዕዳ ፈርቷል። ከማዶ የሚመጡት ገዢዎች በመከር ጊዜ መጥተው በር ላይ ቆመው የሚሸጥ በቆሎ አለ ወይ ብለው ጠይቀውታል። ድንበሩ ያኔ ክፍት ነበር።